ያለ ሳተላይት የሚመጡ ሽማግሌዎች

የልጅነታችን ካርታ ዝናብ የመታው፣ አዲስ የተላጠ አጠና ሽታ ነበር። ያ የባሕር ዛፍ ጠረን አፍንጫችን ከገባ አጠና ተራ ደርሰናል፤ ነፋሱ ዞሮ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ሽታ ፊት ለፊት ከተቀበለን ደግሞ ወደ ደቡብ እየሄድን ነው ማለት ነው። ይህ መሣሪያ ባትሪ አይጨርስም፣ ኔትወርክ አይቋረጥበትም። ጉንፋን ብቻ ነበር የሚያበላሸው።

የአራተኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህራችን ግን ይህን ዕውቀታችንን አላከበሩልንም። ፊታችንን ወደ ፀሐይ መውጫ አዙረው ግራችን ሰሜን፣ ቀኛችን ደቡብ መሆኑን በዜማ አስጠኑን። አብሮኝ የሚቀመጠው ጀይሉ እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ደመና ከሆነስ?» ብሎ ጠየቀ። መልሱ በጠመኔ መጣ፤ ግንባሩ ላይ አረፈ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጀይሉ ከሰማይ የሚመጣ አቅጣጫ አያምንም።

ጀይሉ አድጎ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆነ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ ድረስ «ጀይሉ እኮ መንገድ ጠፍቶበት አያውቅም» እያለ ያደንቀዋል። እውነት ነው፣ አልጠፋበትም። ጡረታ እስኪወጣ የነዳው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ ከጦር ኃይሎች ተነስቶ ወደ ኮልፌ፣ ከኮልፌ ተመልሶ ወደ ጦር ኃይሎች። እንዲህ ያለ መስመር ላይ መጥፋት ልዩ ተሰጥኦ ይጠይቃል። ዝና ግን ማስረጃ አይፈልግምና ለቅሶ ቤት የጠፋበት፣ ዕቃ ጭኖ መግቢያ ያጣ፣ የዘመዱን ቤት የረሳ ሁሉ ጀይሉን ይጠይቃል። ጀይሉም ይመልሳል። «አላውቅም» የሚለው ቃል በእሱ ቤት እንደ ስድብ ነው የሚቆጠረው።

ሲመልስም እንዲህ ነው፦ «ከወፍጮ ቤቱ ትታጠፋለህ። ሰማያዊው ቆርቆሮ አጥር ጋ ስትደርስ ግራህን ትይዛለህ። ከእነ ተሻለች ሻይ ቤት ፊት ለፊት ያለችውን ግራር አልፈህ፣ ሁለተኛው በር።» ማለፊያ ምሪት ነው። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። ወፍጮ ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል። ሰማያዊው አጥር መንገዱ ሲሰፋ ፈርሷል። የእነ ተሻለች ሻይ ቤት የነበረበት ላይ ዛሬ ሳይክል የሌለበት የሳይክል መንገድ ተነጥፏል። ግራሯም የት እንደሄደች ያው ይታወቃል። መንገደኛው ተመልሶ መጥቶ «አባባ፣ ያሉኝ ሻይ ቤት የለም እኮ» ሲለው ጀይሉ ከልቡ ያዝንለታል።

«የለም? የለም ማለት ምን ማለት ነው? እኔ እዚያ ሻይ ጠጥቻለሁ እኮ!»

ከሳተላይት ጋር ያለው ጠብ የጀመረው አንድ ዕቃ አድራሽ ስልኩን እያየ መጥቶ «ቤትዎ ወንዙ ውስጥ ነው የሚለኝ» ካለው በኋላ ነው። ጀይሉ ይህንን በሰርግም በለቅሶም አወራው። «ጠፈር ድረስ ብረት ሰቅለው ቤቴን ወንዝ ከተቱት!» ይላል። ሳተላይቱ አንድ ቀን ስለተሳሳተ የዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጀይሉ በየቀኑ ስለሚሳሳት ማንም ልብ አላለውም።

ታዲያ ባለፈው ዓመት አንድ ቀጭን ጎረምሳ ስልኩን ደረቱ ላይ በማሰሪያ አስሮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከበር በር እየቆመ በመንደራችን ሲዞር፣ አብረን ደጁ ላይ ተቀምጠን ሳለ ጀይሉ አየው። በእኛ ሰፈር አጥር አጥሩን እያየ የሚዞር ሰው ለደህና እንደማይመጣ ይታወቃል።

«ማነህ? ልታፈርሰን ነው የምትለካን?»

«አይ አባባ፣ ኧረ በፍጹም። ኢርፋን እባላለሁ፣ ከሳንሱሲ ነኝ። የኮምፒውተር ሰው ነኝ። ሳተላይት ሳይኖር ቦታን የሚያውቅ ነገር እየሠራን ነው።»

ጀይሉ ጆሮውን አላመነም። «ድገመው እስቲ?»

«ሳተላይት ሁልጊዜ አይገኝም፣ አባባ። ፎቅ ይጋርደዋል፣ ምድር ቤት አይገባም፣ ሞገዱን ሆን ብሎ የሚያውክም አለ። ስለዚህ ስልኩ በራሱ እንዲያውቅ ነው። ከታወቀ ቦታ ይነሳል፣ እርምጃ ይቆጥራል፣ መታጠፊያውን ይይዛል።»

«ቢሳሳትስ?»

«ይሳሳታል። እየቆየ ስህተቱ ይጠራቀማል። ለዚህ ነው በየመንገዱ ማረሚያ የሚያስፈልገው። መሬት መግነጢስ አላት አይደል? ብረት ባለበት ሁሉ እሱ ትንሽ ይጣመማል። አጣመሙ ደግሞ በየበሩ፣ በየቆርቆሮ አጥሩ ይለያያል፣ ልክ እንደ ጣት አሻራ። እሱን ነው እየዞርኩ የምለቅመው። በኋላ ስልኩ ‹አሃ፣ ይህቺ የእከሌ አጥር ናት› ብሎ ራሱን ያርማል።»

«በቆርቆሮ አጥር ነው በለኛ መንገድ የሚያውቀው!»

«እ... አዎ፣ እንደዚያ ማለት ይቻላል።»

ጀይሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። «ታዲዮስ! ሰማህልኝ? ተምሮ ተምሮ እኔ የደረስኩበት ደረሰ!»

ልጁን እጁን ይዞ አስገባው። ሴት ልጁ ፈይዛ ውሃ አመጣችለት። ፈይዛ ጦር ኃይሎች አካባቢ መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ንግግሯ አጭር፣ አባቷ ሲያወራ ጣሪያ የምታይ ልጅ ናት። ከዚያ በኋላ አንድ ሳይንሳዊ ክስተት ታየ። የሰፈሩ በሮች ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ተለክተው ታለፉ። የጀይሉ በር መግነጢስ ግን በየሳምንቱ መለካት አስፈለገው። ልኬቱም ሁልጊዜ ፈይዛ ከሥራ በምትመለስበት ሰዓት ሆነ። ጀይሉ «ጥንቁቅ ልጅ ነው፣ ደጋግሞ ነው የሚያጣራው» አለኝ። ባለቤቱ ሃፊዛ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ሳቀች።

ሲጣራ ሲጣራ ከርሞ የኢርፋን አክስት ወደ ሃፊዛ ላከች፤ እሑድ ሽማግሌ ሊመጣ ነው። ቤቱ በደስታ ተሞላ። ፈይዛ ስልኳን አነሳችና «በቃ ሎኬሽን እልክላቸዋለሁ» አለች። ይህን ማለት አልነበረባትም።

«ምን? ሎኬሽን?» ጀይሉ ከመቀመጫው ተነሳ። «ሳተላይት አያስፈልገኝም ያለኝ ልጅ ሽማግሌዎቹን በሳተላይት ሊያመጣ?»

«አባዬ፣ ሽማግሌ ናቸው እኮ። ፈተና ሊፈተኑ አይደለም የሚመጡት።»

«እነሱን አይደለም የምፈትነው፣ መሣሪያውን ነው! ወላሂ!» አለ ጀይሉ። ሃፊዛ «ኧረ አትማል!» ብላ ስትጮህ ምላሱ ቀድሟት ነበር። «ወላሂ፣ በልጁ መሣሪያ ያለ ሳተላይት መጥተው እሑድ ከሰዓት ከአስር ሰላት በፊት ደጄን ካልረገጡ፣ የዚህ ጋብቻ ነገር ዘንድሮ በዚህ ቤት አይነሳም!»

ለቀልድ ያለው ነገር መሐላ ሆኖ ቁጭ አለ። ጀይሉ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፣ ወላሂ ብሎ የሚያጥፍ ሰው ግን አይደለም፤ ይህን ፈይዛም ታውቃለች። ለምን ዘንድሮ የሚለው ነገር እንዳስደነገጣት ለማወቅም ብዙ አያስፈልግም። ኢርፋን ለሁለት ዓመት ትምህርት ውጭ አገር ሊሄድ ነው፣ የሚሄደውም ክረምቱ ሳይወጣ ነው። ወይ አግብቷት አብረው ይሄዳሉ፣ ወይ ብቻውን ይሄዳል። በሁለት ዓመት ውስጥ ደግሞ እንኳን የሰው ልብ የኮልፌ መንገድም ባለበት አይገኝም።

ኢርፋን መሐላውን ሲሰማ ደስ አለው አሉ። ደስ ማለቱ የወጣትነት ነው። በወጉ መሠረት እሱ ከሽማግሌዎቹ ጋር ስለማይመጣ፣ ያንን ነገር የጫነበትን ስልኩን ለአጎቱ ለሐጂ ኑሕ ሰጣቸው። እሱ ራሱ ያለ ስልክ ሳንሱሲ ቤቱ ተቀመጠ። አንድ ነገር ግን አላወቀም። ለሥራ ክፍለ ሀገር ከርሞ የተመለሰው በዋዜማው ነው፤ እሱ በሌለበት ሰሞን መንገድ ሠሪዎቹ ገብተው፣ አሻራቸውን የለቀመላቸውን አጥሮች ከነበሮቻቸው በጭነት መኪና ወስደዋቸዋል። መሣሪያው በሌለ ቆርቆሮ ሊመራ ነው። ጀይሉ ስለ ልጁ «እኔ የደረስኩበት ደረሰ» ያለው ለካ ሙሉ በሙሉ እውነቱን ነው።

እሑድ እኔም ተጠርቼ ከጀይሉ ጎን ተቀመጥኩ። በግ ታርዷል፣ ክትፎው በቆጮ ቀርቧል፣ ምንጣፉ ተራግፏል። ፈይዛ እንደ ወጉ ውስጠኛው ክፍል ናት፤ በሩ ግን ትንሽ ገርበብ ብሏል። ጀይሉ አዲሱን ኮፍያውን አድርጎ ዓይኑን በር ላይ ተክሏል። ቀትር አለፈ። ማንም አልመጣም።

«ይደርሳሉ» አለ ጀይሉ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «መሣሪያው ጥንቁቅ ስለሆነ ነው የሚዘገየው» አለ። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

ሃፊዛ አየችው። «ምን ልታደርግ ነው?»

«ሰላም ልላቸው ነዋ! ሰላም ማለት ሳተላይት ነው እንዴ?»

ለሐጂ ኑሕ ደወለ። የአውቶቡስ ሞተር ጆሮውን ስለበላው ስልኩን ሁልጊዜ ድምፁን ከፍቶ ነው የሚያወራው፤ ስለዚህ ቤቱ በሙሉ ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ! የት ደረሳችሁ?»

«ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። መኪናው መንገድ ተቆፍሮበት ቆሟል፣ በእግራችን ነን። ይህ የልጁ ስልክ ወደፊት ሂዱ ይለናል፣ ስንሄድ ተመለሱ ይለናል። ወታደር ቤት እንኳን እንዲህ አልተሰለፍኩም።»

«ሰው አትጠይቁም?» አልኩ እኔ በዝቅታ።

ሐጂ ኑሕ ሰምተውኝ ኖሮ ተቆጡ። «ሽማግሌ የሴት ልጅ ቤት በመንገድ እየጠየቀ ይሄዳል እንዴ? ነገሩ ሳያልቅ ሰፈር ይስማው?» እውነታቸውን ነው። ወጉ እንዲያ ነው።

«ግድ የለም እኔ አለሁ!» አለ ጀይሉ። መሐላውን አልረሳም፤ ነገር ግን በጉም ታርዷል። «ሐጂ፣ ልብ ብለው ይስሙኝ። ሰማያዊው አጥር ይታይዎታል?»

«ምንም አጥር የለም። ገደል ነው ያለው።»

«እሺ፣ የአጥሩን ነገር ይተዉት። ወፍጮ ቤቱስ?»

«ወንድሜ፣ ድንጋይና ቱቦ ነው የማየው።»

«ከቱቦው በስተጀርባ ወፍጮ ቤት አለ!»

«አለ ነው ወይስ ነበረ?» አለች ሃፊዛ። ጀይሉ በእጁ ዝም አሰኛት።

ሐጂ ኑሕ ድንገት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቆይ፣ አሁን የልጁ ስልክ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። ቀይ ልብ አሳየኝ። ከላዩ ላይ ‹ፈይዬ› የሚል ተጽፏል። ይህ ምን ማለት ነው፣ ግራ ነው ቀኝ?»

ውስጠኛው ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። ልቡን ለኢርፋን የላከችው ፈይዛ ናት፤ ስልኩን አሳልፎ መስጠቱን ማን ነግሯት? እኔ ጣሪያ አየሁ፣ ሃፊዛ ምንጣፍ አየች። ጀይሉ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ሲያሽከረክር በነበረበት ረጋ ያለ ድምፅ «ቀጥታ ነው ሐጂ፣ ቀጥታ ይሂዱ» አለ።

ቀጥታ ሄዱ። አንዱ ሽማግሌ ጭቃ ውስጥ ጫማው ሲቀር ሰማን፤ ሌላው «ቢስሚላህ» ሲል ሰማን። ከዚያ ከሐጂ ኑሕ ስልክ ውስጥ የሌላኛው ስልክ ድምፅ በጥሩ አማርኛ «ደርሰዋል» አለ።

ጀይሉ ብድግ አለ። «ደረሱ! አላልኳችሁም?» በሩን ከፈተው። ደጁ ላይ አንድ ድመት ብቻ ቆማለች።

«ሐጂ፣ ምን ይታይዎታል?»

«ረጅም አረንጓዴ ላሜራ። በር አለው።»

ጀይሉ አረንጓዴ ላሜራ የለውም። ቢሆንም ሽንፈትን እንዲሁ አይቀበልምና «ደርሰዋል ካለ ያንኳኩ እስቲ» አለ። አንኳኩ። አንድ ሰው ሲወጣ፣ ሲያጉረመርም፣ በሩን ሲዘጋ ሰማን። ሐጂ ኑሕ ሲመለሱ ድምፃቸው ተለውጧል።

«ዘበኛ ነው። የመንገድ ሠሪዎቹ ግቢ ነው። ‹የቀን ሠራተኛ አንቀጥርም፣ ሰኞ ኑ› አለን። እኔን! ነጭ ጀለቢያ ለብሼ!»

ማንም አልሳቀም። መሳቅ የሚቻልበት ጊዜ አልፎ ነበር። የመስኮቱ ጥላ ምንጣፉን አልፎ ግድግዳው ላይ ደርሷል፤ አስር ሰላት ሊገባ ነው።

«ወንድሜ ጀይሉ» አሉ ሐጂ ኑሕ፣ አሁን ቁጣ የለባቸውም፣ ደክሟቸዋል። «እኛ ለደህና ነበር የመጣነው። አላህ ያላለው ይመስለኛል። እዚህ መስጊድ ካገኘን አስርን ሰግደን ወደ ሳንሱሲ እንመለሳለን። ልጅቷን አላህ የተሻለ ይስጣት፤ የእኛንም ልጅ።»

ሃፊዛ ነጠላዋን ጎትታ ተነሳች። «እኔ ሄጄ አመጣቸዋለሁ።»

«ቁጭ በይ!» አለ ጀይሉ። «የልጅቷ እናት ሽማግሌ ፍለጋ ወጣች ይባል? ልጃችንን ለገበያ አወጣናት ይባል?»

«እኔ ልሂድ» አልኩ።

«አንተም ዛሬ የዚህ ቤት ሰው ነህ። የእኛ ሰው አንድ እግሩ ከደጅ ከወጣ ለምነን ዳርናት ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለች ሃፊዛ። «አንተ ምለሃል፣ እነሱ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ነው፣ እኛ ከደጅ አንወጣም። ልጄስ?»

ጀይሉን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገና ውስጡን ተመለከተ፣ መንገዱ እዚያ የተጻፈ ይመስል። ቀስ ብሎም «መሣሪያው ነው ያበላሸው» አለ። «እኔ ወፍጮ ቤቱን ነግሬያቸዋለሁ።»

«ወፍጮ ቤቱ የለም፣ ጀይሉ!»

«አጥሩም የለም እኮ! የልጁም መሣሪያ የሌለ አጥር ነው የሚፈልገው! ለምን እኔን ብቻ...» የተናገረውን ራሱ ሰማው መሰለኝ።

ያኔ ገርበብ ብሎ የቆየው በር ተከፈተ። ፈይዛ ለሽማግሌ የማይታየውን፣ ነገሩ ሲያልቅ ብቻ የሚለበሰውን ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ መጣች። ፊቷ ላይ እንባም ቁጣም የለም። መድኃኒት ቤት ውስጥ ወረፋ ሲበዛባት የምታሳየው ፊት ነው። በመሃላችን አልፋ ከአባቷ እጅ ስልኩን ወሰደች።

«ሐጂ» አለች፣ «ከዚያ ዘበኛ ራቅ እንዳይሉ። እዚያው ይቁሙ።»

«ማን ልበል?» አሉ ሐጂ ኑሕ።

ፈይዛ ስልኩን ሶፋው ላይ አስቀመጠችው።

«ፈይዬ» አለ ጀይሉ። «የት ልትሄጂ ነው? ሙሽራ ራሷ ሽማግሌዎቿን ልትቀበል ትወጣለች እንዴ? ሰው ምን ይላል? ሃፊዛ፣ ያዢያት እንጂ!»

ሃፊዛ አልያዘቻትም። እንዲያውም ከበሩ ፊት ያለውን በርጩማ በእግሯ ገፋ አድርጋ መንገድ ለቀቀችላት። ስልኩ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ «ሃሎ? ማን ልበል? ሃሎ?» ይላል። ፈይዛ ከደጃፉ ጎንበስ ብላ ጫማዋን አጠለቀች፣ ቀሚሷን ከጭቃው በእጇ ሰብሰብ አደረገች፣ ወደ መንገድ ሠሪዎቹ ግቢም አቀናች።